የታይኛ አስተማሪ ፍለጋ፦ 18,000 ባህቱን አሁን አትክፈል

ጥያቄው፦ «ለሥራ ባንኮክ ከመጣሁ 4 ወር ሆኖኛል። ዕድሜዬ 29 ነው። ቢያንስ 2 ዓመት እቆያለሁ። ቢሮ ውስጥ በእንግሊዝኛ እንግባባለን፤ ከቢሮ ስወጣ ግን እንደ ዲዳ ነኝ። የግል አስተማሪ ስፈልግ ሁለት ሰዎች አገኘሁ። አንዷ ቋንቋ ትምህርት ቤት ያስተማረች ናት፤ ለ30 ሰዓት 18,000 ባህት በቅድሚያ ክፈል ትላለች። ሌላው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ በሰዓት 250 ባህት ይበቃኛል፣ እያወራን እንማራለን ይላል። ፊደሉን ትቼ ንግግሩን ብቻ ብይዝ በ3 ወር እግባባለሁ ብዬ አስባለሁ። ታናሽ ወንድሜም መምጣት ይፈልጋል፤ አስተማሪዋ ደብዳቤ ብትጽፍለት በትምህርት ቪዛ መግባት ይችላል? የትኛዋን መንገድ ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦ ሴትየዋን ያዝ፤ 18,000 ባህቱን ግን አትክፈል። ልጁን ለጊዜው አቆየው። ፊደሉን አትዝለል። የወንድምህ ነገር በዚህ መንገድ አይሆንም። አሁን አንድ በአንድ እንየው።

ሁለቱን ሰዎች ያወዳደርከው በሰዓት ዋጋ ነው። ሴትየዋ 600፣ ልጁ 250። እንዲህ ከሆነ ልጁ ርካሽ ነው። ግን የሚሸጡልህ ነገር አንድ አይደለም። ልጁ የሚሸጥልህ ወሬ ነው። ወሬ ደግሞ ባንኮክ ውስጥ በነፃ ሞልቷል። የምትኖርበት ሕንፃ ጥበቃ፣ ጠዋት ቡና የምትገዛት ልጅ፣ ጥግ ላይ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ የሚጠብቅ የሞተር ታክሲ ነጂ፣ ሁሉም ያወሩሃል። በገንዘብ የሚገዛው እርማት ነው። «እንደዚህ አይባልም፣ ድገመው፣ አሁንም አልሆነም፣ እንደገና» የሚልህ ሰው ማለቴ ነው። እርማት ከሌለው 250 ባህትም ውድ ነው።

ይሄ ለየትኛውም ቋንቋ ይሠራል፤ ታይኛ ላይ ግን ይብሳል። ታይኛ 5 ቃና አለው፦ መካከለኛ፣ ዝቅ ያለ፣ ከላይ የሚወድቅ፣ ከፍ ያለ እና ከታች የሚነሣ። ቃሉ ለእኛ ጆሮ ያው ነው፤ ቃናው ሲለወጥ ትርጉሙ ሌላ ይሆናል። «ማ» በመካከለኛ ቃና መምጣት ነው። ከፍ ሲል ፈረስ ነው። ከታች ሲነሣ ውሻ ነው። «ሜ ማ» ብለህ «እናቴ መጣች» ልትል አስበህ መጨረሻዋን እንደ ጥያቄ ወደ ላይ ከሳብካት፣ ስለ እናት ውሻ አውርተሃል። እኔ ለጀማሪ ሁሌ የምነግረው ግን «ክላይ»ን ነው። በመካከለኛ ቃና «ሩቅ» ማለት ነው። ከላይ ሲወድቅ «ቅርብ» ነው። ሆቴሉ ቅርብ ነው ወይስ ሩቅ ብለህ ስትጠይቅ ጥያቄህም መልሱም አንድ ቃል ይመስልሃል። ከቃናው በተጨማሪ የአናባቢው እርዝመትም ትርጉም ይለያል። «ካው» አጥሮ ሲወድቅ መግባት ነው፤ ረዝሞ ሲወድቅ ሩዝ ነው።

አማርኛ ቃና የለውም። የሚጠብቅና የሚላላ ግን አለው። «ገና ነው» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል። የውጭ ሰው አማርኛ ሲማር እዚህ ላይ ሲሰናከል አይተህ ይሆናል። አንተ ሳታስብ ትለየዋለህ፤ እሱ ግን ልዩነት መኖሩም አይሰማውም። ታይኛ ላይ እንዲያ የሆንከው አንተ ነህ። ስሕተቱን ካልሰማኸው ደግሞ ራስህን ማረም አትችልም። ሌላ ጆሮ መከራየት አለብህ። የምትከፍለው ለዚያ ጆሮ ነው።

ታዲያ ልጁ ለምን አያርመኝም ትል ይሆናል። ክፉ ሆኖ አይደለም። ታዮች «ክሬንግ ጃይ» የሚሉት ነገር አለ። የውጭ ሰዎች ይህን ለማስረዳት ገጽ ሙሉ ይጽፋሉ። እኛ ግን ለዚህ አንድ ቃል አለን፦ ይሉኝታ። ሁለቱ ልክ በልክ ባይገጥሙም ጎረቤታሞች ናቸው። ሰውን ማስቸገር፣ ማሳፈር፣ ፊት ለፊት «ተሳስተሃል» ማለት ይከብዳቸዋል። በዕድሜ የምትበልጠው፣ ገንዘብ የምትከፍለው፣ እንግዳ የሆንክ ሰው ስትሆን ለልጁ በሦስት በኩል ይከብደዋል። የምትለውን እየገመተ ይረዳሃል፣ ይስቅልሃል፣ ወሬውም ይቀጥላል። አንተም ያወራህ ይመስልሃል። ከዚያ ታክሲ ውስጥ ትገባለህ፣ ሾፌሩ አንድ ቃል አይገባውም።

እኔም በዚህ አልፌያለሁ። የመጀመሪያዋ አስተማሪዬ በጣም ደግ ሰው ነበረች። ሁለት ወር ሙሉ «ኬንግ ማክ» ስትለኝ ከረመች፤ በጣም ጎበዝ ነህ ማለቷ ነው። ታይኛ ውስጥ ወንድ ንግግሩን በ«ክራፕ» ይዘጋል፣ ሴት በ«ካ»። ለትሕትና ነው። እኔ የምሰማው ሁሉ ከእሷ አፍ ስለነበር «ካ» እያልኩ ነበር የምናገረው። አንድም ቀን አላረመችኝም። ያረመችኝ ገበያ ውስጥ ማንጎ የምትሸጥ እናት ናት፤ ያውም እየሳቀች፣ ለጎረቤቷም እየነገረች። አስተማሪህ ሴት ከሆነች ይህን በመጀመሪያው ቀን አንሣ። «እኔ» የሚለው ቃል ራሱ የተለያየ ነው፤ ወንድ «ፖም» ይላል።

ስለዚህ መፈተን ያለብህ የምስክር ወረቀቷን ሳይሆን የማረም ልማዷን ነው። የሙከራ ሰዓት ጠይቅ፤ ክፈልበትም። በዚያ ሰዓት ውስጥ አስበህ ተሳሳት። «ሩቅ» ማለት ሲገባህ «ቅርብ» በል። አስቆመችህ? አንዴ ብቻ አስቆማህ አለፈች ወይስ እስኪስተካከል አስደገመችህ? ቀጥሎ ማን ብዙ እንዳወራ አስተውል። ከ60 ደቂቃው 45ቱን እሷ ስለ ባህል ካወራች፣ ደስ የሚል ሰዓት ይሆናል እንጂ ትምህርት አይደለም። በመጨረሻ አንድ ቃል አሳያትና «ይሄ ለምንድን ነው ከላይ የሚወድቀው?» ብለህ ጠይቃት። ያስተማረች ሰው ስለ ፊደሉ ምድብና ስለ ቃና ምልክቱ ታስረዳሃለች። ያላስተማረ ሰው «እንዲሁ ነው የሚባለው» ይልሃል። ይሄ ነውር አይደለም። ጎረቤትህን «ሰበረ» እና «አሰባበረ» ምንና ምን ናቸው ብለህ ብትጠይቀው እሱም «እንዲሁ ነው» ነው የሚልህ። ቋንቋውን መናገርና ማስተማር ሁለት ሙያ ነው።

ዋጋውን በተመለከተ፣ 600 ባህት ዘረፋ አይደለም። ባንኮክ ውስጥ እኔ የማየው፣ ልምድ ያላት የግል አስተማሪ በሰዓት ከ400 እስከ 800 ባህት ትጠይቃለች። እንደ ልጁ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዚህ ግማሽ ያስተምራሉ። ቋንቋ ትምህርት ቤት ገብተህ አንድ ለአንድ ስትማር ከፍ ይላል፤ ቤቱ፣ መጽሐፉ፣ ደረሰኙ ሁሉ ተጨምሮ ነው። እዚያው በቡድን ከተቀመጥክ ደግሞ በጣም ይቀንሳል። ቡድን መጥፎ ነው አልልህም። ግን 8 ሰው ባለበት ክፍል አንተ አፍህን የምትከፍተው ስንት ደቂቃ እንደሆነ አስላው።

ዋጋ ላይ ከመከራከርህ በፊት ዋጋው ውስጥ ምን እንዳለ ጠይቅ። እሷ ወደ አንተ ትመጣለች? ባንኮክ ላይ እርቀት በኪሎ ሜትር አይለካም፤ በባቡር ጣቢያ ነው። አሶክ ከሚባለው የባቡር ጣቢያ 2 ጣቢያ ርቃ ያለች ሰው ቅርብ ናት። 3 ኪሎ ሜትር ላይ ሆና ባቡር የሌለበት ሰፈር ያለች ሰው ማታ 12 ሰዓት ላይ ሩቅ ናት። አንተ ወደ እሷ ጣቢያ ብትሄድ ዋጋ ልትቀንስ ትችላለች። ካፌ ከተገናኛችሁ ቡናውን አንተ ትከፍላለህ፤ ይሄ ልማድ ነው፣ አትከራከርበት። ጫጫታ ያለበት ካፌ ግን ለቃና ትምህርት የሞተ ቦታ ነው። ጸጥ ያለ ጥግ ፈልግ፣ ወይም ግማሹን በኢንተርኔት አድርጉት። የቢሮ ባልደረባህ ካለ አብራችሁ ተማሩ፤ ሁለት ሰው ሲሆን ጥቂት ጨምራ ታስተምራለች፣ ለእያንዳንዳችሁ ሲካፈል ይረክሳል። ከሁለት በላይ ግን አትሁኑ።

በኢንተርኔት መፈለግም አንድ መንገድ ነው። ፕሬፕሊ እና አይቶኪ በሚባሉ ድረ ገጾች ላይ ብዙ የታይኛ አስተማሪዎች አሉ፤ ዋጋቸውም ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል። ቪዲዮዋን ታያለህ፣ የሌሎች ተማሪዎችን አስተያየት ታነባለህ፣ ካልተመቸህ ትለውጣለህ። ግን የምትከፍለው ሁሉ ለአስተማሪዋ አይደርሳትም። አይቶኪ 15 በመቶ ይወስዳል። ፕሬፕሊ ከ33 በመቶ ይጀምርና ሰዓቱ እየበዛ ሲሄድ እስከ 18 ይወርዳል። የመጀመሪያውን የሙከራ ሰዓት ክፍያ ደግሞ ጠቅልሎ የሚወስደው ፕሬፕሊ ራሱ ነው። ይህን ያወቀ ሰው 8 አስተማሪ ላይ «ልሞክር» እያለ አይዞርም። ሁለት ወይም ሦስት ይበቃሉ። «ከዚያ ወጥተን በቀጥታ ልክፈልሽ» ማለትም የድርጅቶቹን ደንብ ይጥሳል፤ የሚዘጋውም ብዙ ጊዜ የእሷ ገጽ ነው።

ፌስቡክ ላይ የውጭ ሰዎች ቡድኖች ውስጥ የሚለጠፍ ማስታወቂያም አለ። ጥሩ ሰው አይገኝበትም አልልም። ግን እዚያ ላይ «ታይ ነኝ፣ አስተምራለሁ» የሚለው ሁሉ ከልጁ ብዙም አይለይም። ከሁሉ የምመርጠው ትምህርት ቤት ውስጥ ለዓመታት ጀማሪ ያስተማረችና አሁን በግሏ የምትሠራ ሰው ነው። አንተ ያገኘሃት እንዲህ ያለችውን ይመስለኛል። ስንት ሰው ከዜሮ እንዳስጀመረች ጠይቃት። ለፍቅር ጓደኛም አስተማሪነት አልመክርህም፤ ያ ሌላ ጣጣ ነው።

አሁን ወደ 18,000 ባህቱ። ለምን በቅድሚያ እንደምትጠይቅ ልንገርህ፤ ክፋት አይደለም። የውጭ ተማሪ ይመጣል፣ ይሞቀዋል፣ በአራተኛው ሳምንት ሥራ በዛብኝ ብሎ ይጠፋል። ለእሱ ብላ ሌላ ተማሪ የመለሰችበት ሰዓት ባዶውን ይቀራል። ስለዚህ ራሷን እየጠበቀች ነው። አንተም ራስህን ጠብቅ። ገና አንድ ሰዓት አብራችሁ አልተቀመጣችሁም። ብትታመም፣ ቋሚ ሥራ ብታገኝ፣ አንተ ብትዛወር፣ ወይም በቀላሉ ባትግባቡ፣ የቀረውን ገንዘብ መልሺ ማለት ይኖርብሃል። እሷ ቀድማ አውጥታው ይሆናል። እዚህ ላይ የሁለታችሁ ይሉኝታ ይገናኛል፦ አንተ ለመጠየቅ ታፍራለህ፣ እሷ ለመናገር ታፍራለች፣ ገንዘቡ ግን መሃል ላይ ይቀልጣል።

ለእሷ የምታቀርበው ሐሳብ ይሄ ነው። መጀመሪያ አንድ የሙከራ ሰዓት በ600። ከተስማማችሁ 5 ሰዓት፣ 3,000 ባህት በቅድሚያ። እሱ ሲያልቅ 10 ሰዓት። ከ10 በላይ በቅድሚያ መቼም አትክፈል፤ ምንም ያህል ቅናሽ ቢኖረው። «ለ5 ሰዓት ከሆነ 650 ነው» ካለችህ እሺ በል። ያ 50 ባህት እንደ መድን ክፍያ ነው። ጭራሽ እምቢ ካለች ሌላ ፈልግ። በሰዓቱ ዋጋ ላይ ግን ብዙ አታስጨንቃት፤ አንገቷን ይዘህ ያስወረድካት አስተማሪ ተዘጋጅታ አትመጣም።

ደንቡን በጽሑፍ አድርጉት። ውል አዋዋይ ዘንድ ሂዱ አይደለም የምልህ፤ ላይን በሚባለው የመልእክት መተግበሪያ ላይ አምስት መስመር ይበቃል። ታይላንድ ውስጥ ሁሉም ሰው የሚጠቀመው ላይንን ነው፤ ከሌለህ ዛሬውኑ አውርደው። ከ24 ሰዓት በፊት የተሰረዘ ትምህርት አይከፈልበትም፤ ከዚያ በኋላ ከሆነ ይከፈልበታል። እሷ ከሰረዘች ሰዓቱ ይተካል። ያልተጠቀምክበት ሰዓት እስከ መቼ ይቆያል? የሚያነሱት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ብዙ ጠብ የሚመጣው ግን ከዚህ ነው። ሶንግክራንንም አስብ። የታይ አዲስ ዓመት ከሚያዝያ 13 እስከ 15 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ በዚያ ሰሞን ባንኮክ ውስጥ የሚሠራው ሰው ወደየክፍለ ሀገሩ ይሄዳል። የሰዓት ጥቅልህ የማብቂያ ቀን እዚያ ላይ እንዳያርፍ።

የታይ ባንክ ሒሳብ ካለህ በፕሮምፕትፔይ ክፈላት። ከ2017 ጀምሮ የሚሠራ አገራዊ የክፍያ ዘዴ ነው። የስልክ ቁጥር ታስገባለህ ወይም ኪውአር ኮድ ታነሳለህ፣ ወዲያው ይደርሳታል። ከማረጋገጥህ በፊት የተቀባዩ ስም ይታይሃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደነግጣል። አንተ «ክሩ ኖይ» ብለህ የምታውቃት ሰው ስልክህ ላይ የማታውቀው ረጅም ስም ሆና ትመጣለች። «ክሩ» አስተማሪ ማለት ነው፤ «ኖይ» የመሳሰለው ደግሞ እንደ እኛ የቤት ስም ነው። ታዮች የሚጠራሩት በእሱ ነው። አስቀድመህ የመዝገብ ስሟን ጠይቅና አመሳክር። የእህቴ ሒሳብ ነው፣ የጓደኛዬ ነው ከተባልክ ግን አቁም። ከከፈልክ በኋላ የሚመጣውን የክፍያ ማረጋገጫ (ስሊፕ) አስቀምጥ፣ ለእሷም ላክላት። በጥሬ ገንዘብ ከሆነ አንድ ደብተር ይዘህ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የቀረውን እየጻፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። መሥሪያ ቤትህ ወጪውን የሚተካልህ ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ ሕጋዊ ደረሰኝ ስለሚፈልግ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ለአንድ መማር ይሻልሃል። ደረሰኙ ላይ ዓመቱ ከ2560 በላይ ሆኖ ብታየው ስሕተት አይደለም። የታይ የቡድሃ አቆጣጠር ከአውሮፓው 543 ዓመት ይቀድማል። እኛ ወደ ኋላ፣ እነሱ ወደ ፊት።

«በ3 ወር እግባባለሁ» ያልከው መሆን አለመሆኑ የሚወሰነው «መግባባት» በምትለው ነገር ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ዲፕሎማቶቹን ቋንቋ የሚያስተምርበት ተቋም ታይኛን 44 ሳምንትና 1,100 ያህል የክፍል ሰዓት ከሚፈልጉ ቋንቋዎች ጋር መድቦታል። በዚያው ምድብ ውስጥ አማርኛም አለ። ልኬቱ የተሰፋው አፉን በእንግሊዝኛ ለፈታ ሰው፣ ያውም በሥራ ደረጃ ለመናገር ነው፤ እንዳለ ወደ አንተ አይገለበጥም። መጠኑን ግን ያሳያል። በሳምንት 3 ሰዓት ብትማር በ13 ሳምንት 39 ሰዓት ነው። በ39 ሰዓት ገበያ ትገዛለህ፣ ለታክሲ ግራ ቀኝ ትላለህ፣ ቁጥር ትሰማለህ፣ ራስህን ታስተዋውቃለህ፣ የምግብ ዝርዝር ላይ የምታውቃቸውን ቃላት ታነባለህ። የቢሮ ስብሰባ አትከታተልም፣ የዜና ማሰራጫ አይገባህም። በ3 ወር አቀላጥፈህ ትናገራለህ ብሎ የሚሸጥልህ ካለ ገንዘብህን ይዘህ ዙር።

ሰዓቱን ስታከፋፍል 3 ሰዓት ሙሉ ቅዳሜ ላይ አትቆልል። ጆሮ ይደክማል። ከአንድ ሰዓት ወይም ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ቃናው ሁሉ አንድ ይሆንብሃል። ሦስት ቀን፣ አንድ አንድ ሰዓት። በመሃል በየቀኑ 20 ደቂቃ አዳምጥ። ባንኮክ ውስጥ ኤዩኤ የሚባል የቋንቋ ማእከል በ1980ዎቹ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ተማሪው ሳይናገር ለብዙ ሰዓት የሚያዳምጥበትን ዘዴ ማስተማር ጀምሮ ነበር። «አትናገር» እስከሚለው ድረስ አልከተላቸውም፤ አንተ ነገ ሩዝ መግዛት አለብህ። ግን ስለ ማዳመጥ ልክ ናቸው። በዚያ መንገድ የተሠሩ ለጀማሪ የሚሆኑ ቪዲዮዎች ዩቲዩብ ላይ በነፃ ሞልተዋል። ለማዳመጥ ብቻ በሰዓት 600 አትክፈል።

ፊደሉን ልዝለል ማለትህ ከጥያቄህ ሁሉ ያሳሰበኝ ነው። ካልጻፍከው በምን ልትይዘው ነው? በእኛ ፊደል «ክላይ» ብለህ ብትጽፍ ሩቅና ቅርብ ደብተርህ ላይ አንድ ናቸው። በላቲን ፊደልም አትድንም። የመንገድ ምልክቶች ላይ የምታየው የመንግሥት የላቲን አጻጻፍ ቃናንም የአናባቢ እርዝመትንም አያሳይም። ፉኬት የምትባለውን ደሴት «ፉ» ብለን የምናነበውም ይኸው አጻጻፍ ስለሚያሳስተን ነው። ትክክለኛው ድምፅ ትንፋሽ ያለው «ፑ» ነው። ቃናውን በትክክል የሚይዝልህ የራሱ የታይ ፊደል ነው።

አንተ ደግሞ ከብዙዎች የተሻለ ቦታ ላይ ነህ። ታይኛ 44 ተነባቢ ፊደል አለው፤ ሁለቱ ከአገልግሎት ወጥተዋል። አናባቢው በተነባቢው ዙሪያ ይለጠፋል፤ ከላይ፣ ከታች፣ ከኋላ፣ አንዳንዱም ከፊት። በላቲን ፊደል ያደገ ሰው እዚህ ይደነብራል። ሀ ሁ ሂ ብሎ ላደገ ሰው ግን ፊደል እግር ሲያወጣ፣ ቀለበት ሲያንጠለጥል ማየት አዲስ አይደለም። ሌላም የሚያመሳስለን አለ። እኛ ሰ እና ሠ፣ ሀ ሐ ኀ አለን፤ ድምፁ አንድ፣ ፊደሉ ብዙ፣ ከግዕዝ የወረስነው። እነሱም ለ«ስ» ድምፅ ብቻ 4 ፊደል አላቸው፤ ሲጻፉ ከፓሊና ከሳንስክሪት የመጡ ቃላትን ይለዩባቸዋል። ልዩነቱ፣ እኛ ዘንድ ሰን በሠ ብትቀይር ንባቡ አይለወጥም። እዚያ ግን ፊደሎቹ በሦስት ምድብ ይከፈላሉ፤ 9 መካከለኛ፣ 11 ከፍተኛ፣ 24 ዝቅተኛ። ምድቡ ከቃና ምልክቱና ከመሳሰለው ጋር ሆኖ ቃናውን ይወስናል። ከ4ቱ የ«ስ» ፊደሎች 3ቱ ከፍተኛ ናቸው፣ አንዱ ዝቅተኛ። ፊደሉን የማያውቅ ሰው ይህን ሕግ የሚማርበት መንገድ የለውም። ቃላት መካከል ክፍተት አለመኖሩ መጀመሪያ ያስቸግራል፤ ይለመዳል። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ከእያንዳንዱ ሰዓት 15 ደቂቃ ለፊደል ስጥ። አስተማሪዋ «ንግግር እስኪጠነክር ይቆይ» ካለች ለምን እንደሆነ ጠይቃት፤ ብዙ ጊዜ ተማሪ እንዳይሸሽ ነው።

የወንድምህ ጉዳይ አጭር ነው። የግል አስተማሪ ለትምህርት ቪዛ ደብዳቤ መጻፍ አትችልም። ያን የሚያደርገው ከትምህርት ሚኒስቴር ፈቃድ ያለው ትምህርት ቤት ወይም ዩኒቨርሲቲ ብቻ ነው። ቹላሎንግኮርን ዩኒቨርሲቲ ለውጭ ሰዎች የሚሰጠው የተጠናከረ የታይኛ ኮርስ አለ፤ ጠንካራ ነው፣ ርካሽ አይደለም። ሰነዱ ተሟልቶ ቪዛውን የሚያወጣው ከታይላንድ ኤምባሲ ነው። ከገባ በኋላ ቆይታውን ማራዘም ያስፈልጋል፤ ባንኮክ ላይ የሚሄደው ቼንግ ዋታና ካለው ኢሚግሬሽን ነው፣ ማመልከቻው በየጊዜው 1,900 ባህት ይከፈልበታል። መኮንኑ በታይኛ ሊጠይቀው ይችላል፤ የትምህርት ቪዛ ይዞ ክፍል የማይገባ ሰው ስለበዛ ነው። በትምህርት ቪዛ ሥራ መሥራት አይፈቀድም። ቀኑ ካለፈበት በቀን 500 ባህት ቅጣት አለ፣ እስከ 20,000 ይደርሳል። «ክፍል ሳይገባ ቪዛውን ብቻ እናወጣለታለን» የሚል ካገኘህ አትጠጋው። አንተ በሥራ ቪዛ ስላለህ በግልህ ለመማር ምንም ወረቀት አያስፈልግህም።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ለሴትየዋ ላይን ላይ ጻፍላት። አንድ የሙከራ ሰዓት ጠይቅ። «ስሳሳት አስቁሚኝ፣ አስር ጊዜም ቢሆን አስደግሚኝ፣ አላፍርም» በላት። ይህን በግልጽ ካላልካት በስተቀር ይሉኝታዋን የምትጥልበት ምክንያት የላትም። ከተስማማችሁ 5 ሰዓት ክፈል፣ ከዚያ 10፣ በሳምንት 3 ቀን። ለወር ወደ 7,800 ባህት ይመጣል። ከበዛብህ በሳምንት 2 ቀን አድርገው፤ አስተማሪውን በርካሽ ከመለወጥ ሰዓቱን መቀነስ ይሻላል። በ15ኛው ሰዓት ላይ ሩቅና ቅርብን በጆሮህ የማትለይ ከሆነ አስተማሪ ቀይር።

የልጁን ስልክ አትጣው። በአራተኛው ወር ደውልለት። ያኔ የምታወራው ነገር ይኖርሃል። በሳምንት አንድ ሰዓት በ250 ባህት፣ ፈቃዱን ጠይቀህ ወሬውን በስልክህ ቅዳው። ቅጂውን ለአስተማሪዋ አምጣ፤ እሱ ያለፈልህን ስሕተት እሷ አታልፍልህም።